በጅማ አሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመርን መፈተሽና ማስተካከል

እንደ ሂርማታና መርካቶ ባሉ የጅማ ነባር ሰፈሮች ከሚገኙት ቤቶች ብዙዎቹ መስመር የተዘረጋላቸው ከኤሌክትሪክ የሚፈለገው ጥቂት አምፖልና አንድ ሬዲዮ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ማሞቂያና ካውያ ይሠራሉ፤ በግቢው ውስጥ ተከራይ ካለም የእርሱ ዕቃ ይጨመራል። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት መስመሩን ሊያስፈትሽ ይገባል፤ ፍተሻው ደግሞ መጀመር ያለበት ከሽቦ መጋጠሚያዎች ነው።

ሁለት ሽቦ የሚገናኝበት ቦታ ሲላላ ወይም ሲዝግ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ይጠብባል፤ በዚያች ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ መጋጠሚያውን ይበልጥ ያላላዋል። በመስመሩ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ግን ከተለመደው ስለማይበልጥ ብሬከሩ አይወርድም። ብዙ ሰው «ብሬከሩ ካልወረደ ችግር የለም» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ያጥፉትና የስፒናውን ፕላስቲክና የሶኬቱን ክዳን በደረቅ እጅ ጀርባ ይንኩ። ለብ ማለቱ አያስጨንቅም፤ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለ፣ ፕላስቲኩ ከጠቆረ፣ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ሶኬቱ ሲሠራ ሲንጣጣ ከተሰማ ግን ያ ሶኬት እስኪቀየር ድረስ ሥራ ላይ ሊውል አይገባም። ፍሪጁ በተነሣ ቁጥር የሌላ ክፍል አምፖል የሚደበዝዝ ከሆነም ወይ መስመሩ ቀጭን ነው፣ ወይ በመንገዱ ላይ የላላ መጋጠሚያ አለ።

ከሁሉ የከፋው መጋጠሚያ የሚገኘው ከኮርኒስ በላይ ነው። በጅማ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ስለሚዘልቅ፣ በዛገ የቆርቆሮ ምስማር ቀዳዳ የገባ ውሃ ሽቦውን ተከትሎ በናስትሮ ብቻ ወደተጠቀለለ መጋጠሚያ፣ ከዚያም ወደ አምፖሉ መያዣ ይወርዳል። ከአምፖል አካባቢ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይነኩ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ። እርጥበት የገባበት የጭቃ ግድግዳም ልጣጩ ከተሰነጠቀ ሽቦ ጋር ሲገናኝ ራሱ ሊነዝር ይችላል። መፍትሔው ጣሪያውን አስቀድሞ መድፈን፣ መጋጠሚያዎቹን በሞርሴቶ (በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ) አጥብቆ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ማድረግ፣ ሽቦውንም አይጥ እንዳይቆረጥመው በቱቦ ማሳለፍ ነው። የአሉሚኒየምና የመዳብ ሽቦ በቀጥታ ተጠማዝዘው ከተገኙ ለሁለቱ ተብሎ በተሠራ ማያያዣ ይለወጡ፤ እርጥበት ባለበት አገር እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ቶሎ ይበላል።

ቀጥሎ ምጣዱ ይታሰብ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል። በአሮጌ ቤት ይህ ጭነት የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ለመብራት በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ላይ ነው። ብሬከሩ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መቀየር፣ ወይም የተቃጠለን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ መተካት፣ ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው፤ ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት እንጂ በዕቃው ፍላጎት አይደለምና። ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ከ16 አምፔር ጋር ይስማማል። ለምጣድ ደግሞ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚነሣ፣ ሌላ ምንም የማይቀጠልበት ባለ 4 ካሬ የመዳብ መስመር ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር ይዘርጋ። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ከተሠራ ገመዱ በልብስ ማስጫ ሽቦ ወይም በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ተደግፎ መሄድ የለበትም፤ በቱቦ ይለፍ። ምጣድን በማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካት ለአንድ ቀንም ቢሆን አይመከርም።

ምጣዱን ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ቤቱ የመሬት መስመር የለውም፣ ወይም ተቋርጧል ማለት ነው። ጫማ አድርጎ ወይም እንጨት ላይ ቆሞ መጋገር መፍትሔ አይደለም። አንዳንድ ሠራተኞች የዕቃውን አካል ከኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ ጋር አገናኝተው ንዝረቱን ያጠፉታል፤ ይህ እጅግ አደገኛ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ ቢቋረጥ የዕቃው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ትክክለኛው አሠራር ቢያንስ 1.5 ሜትር የሚሆን የመዳብ ቅብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ ከእርሱ የሚነሣውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ማድረስ ነው። የጅማ አፈር በክረምት እርጥብ ስለሆነ የመሬት መስመሩ ልኬት ያኔ ጥሩ መስሎ ይታያል፤ መሬቱ በሚደርቅበት በታኅሣሥና በጥር ማስለካት ይሻላል።

ከዚህ ጋር አር ሲ ዲ የተባለው፣ 30 ሚሊ አምፔር የሆነው መከላከያ ይገጠም። ይህ መሣሪያ ወደ ቤት የገባውና የተመለሰው ኤሌክትሪክ እኩል አለመሆኑን ሲያውቅ፣ ማለትም የተወሰነው በሰው አካል ወይም በእርጥብ ግድግዳ በኩል ወደ መሬት ሲሄድ፣ በሰከንድ ክፍልፋይ ጊዜ ውስጥ ያቋርጣል። ልጆች ባሉበት ቤት ከሌላው ማሻሻያ ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንኑ ነው። ሆኖም ፌዝን (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን ሽቦ) እና ኒውትራልን በሁለት እጁ የያዘን ሰው አያድንም፤ የላላ መጋጠሚያንም አያውቅም። በላዩ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ይጫኑ፤ ካልቆረጠ ይቀየር።

ሶኬት ወይም የአምፖል መያዣ መቀየር ጠንቃቃ ሰው የሚችለው ሥራ ነው። ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ ቴስተሩን ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሚያውቁት ቦታ አስቀድመው ይሞክሩትና ከዚያ የሚሠሩበትን ሽቦ ይፈትሹ። በአሮጌ ቤት የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ ጥቁሩ ፌዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ቆጣሪው ያለው ሥራ ግን ለባለሙያ ይተው፤ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለውን ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ብቻ ናቸው የሚነኩት። የቤቱ ቆርቆሮ ወይም የብረት በሩ የሚነዝር ከሆነ ሁሉም ሰው ከቤቱ ይራቅ፤ መሰላልም አይደገፍበት፤ ወዲያው ለአገልግሎቱ ይነገር።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ካልበቃ መጋጠሚያዎችን ማጥበቅና ያላግባብ ያደጉ ብሬከሮችን ወደ ልካቸው መመለስ ይቅደም፤ ዋጋው ከጉልበት ብዙም አይበልጥም። አር ሲ ዲውና የመሬት መስመሩ ይከተሉ (ልጆች ባሉበት ቤት ግን አር ሲ ዲው ከሁሉም ይቅደም)፤ ከዚያ የምጣዱ መስመር፤ የቀሩት ክፍሎች በየተራ። ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው የሽቦዎቹን ልጣጭ በ500 ቮልት መለኪያ እንዲፈትሽ ይጠይቁ፤ ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋም በወረቀት ተጽፎ በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ።