ኢግሉ እንዴት ይሠራል? አንዴ ከተናደበት ሰው
እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም በአንድ ስም በረዶ ብለን እንገላገላለን። ሰሜን ኖርዌይ መኖር ስጀምር ግን ይህ አንድ ስም እንደማያዋጣኝ ገባኝ። ኢግሉ፣ ማለትም በበረዶ ብሎኬት የሚገነባው ክብ መጠለያ፣ ከየትኛውም በረዶ አይሠራም።

የሚፈለገው ነፋስ ጠቅጥቆ ያደረቀው ነው። ትናንት ማታ የወረደው እጅ ላይ ይበተናል። ውሃ ረግቶ የሚሆነው ጠጣሩ ደግሞ ይከብዳል፣ ብርዱንም ያሳልፋል። የተጠቀጠቀው ግን በውስጡ አየር አፍኖ ይይዛል፤ ብርድ የሚከላከለው ያ አየር ነው። ላዩ ላይ ስትቆሙ እግራችሁ ብዙ ካልሰመጠ ቀጭን ዘንግ ስደዱበት። እስከ ታች በእኩል ጉልበት ከገባ ጥሩ ነው። መሃል ላይ ከላላ ተዉት፤ ብሎኬቱ እዚያው ጋ ይሰነጠቃል።

መሣሪያው ቀላል ነው። ኢግሉን ለዓለም ያስተማሩት፣ በምድር ሰሜናዊ ጫፍ በአርክቲክ የሚኖሩት የኢኑይት ሕዝቦች በረጅም ቢላ ይሠሩታል። እኔ የእንጨት መጋዝ ይሻለኛል። የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ጣለ። አካፋና ትርፍ ጓንት ያዙ።

መሃል ላይ እንጨት ተክላችሁ በገመድ ክብ አስምሩ። ለሁለት ሰው 2 ሜትር ተኩል ስፋት ይበቃል። ብሎኬቱን ከክቡ ውስጥ ቁረጡ፤ ወለሉ ሲጎደጉድ የሚቀራችሁ ከፍታ ያጥራል። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ቁመት፣ 20 ውፍረት ይሁን።

እኔ የተበላሁት ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ጎጆ ስንሠራ ግድግዳ እናቆምና ጣራ እንከድናለን። እኔም ሦስት ዙር ቀጥ አድርጌ ደረደርኩ። ፎቶ አንስቼ ለቤተሰብ ሁሉ ላክሁ። ጣራውን ወደ ውስጥ ማዘንበል ስጀምር ግማሹ ጭኔ ላይ ተናደ። ለካ ኢግሉ ግድግዳ የለውም፤ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ ጣራ ነው።

የመሶብ ክዳን ሲሰፋ አስቡ። ስፌቱ ሳይቋረጥ እየዞረ፣ እየጠበበ ጫፉ ላይ ያልቃል። ኢግሉም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ትንሽ ወደ ውስጥ አዘንብላችሁ ከደረደራችሁ በኋላ ሩብ ያህሉን በመጋዝ ሰያፍ ቁረጡት፤ ከመሬት ተነስቶ እስከ ሙሉ ቁመት የሚወጣ ዳገት ይሁን። ሁለተኛው ዙር ከዳገቱ ግርጌ ይጀምርና ሽቅብ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ብሎኬት የሚደገፍበት ጎረቤት ያገኛል። በየዙሩ ከዘጋችሁት ግን የአዲሱ ረድፍ የመጀመሪያ ብሎኬት ብቻውን አዘንብሎ መቆም አለበት። አይቆምም።

አቀማመጡም ዘዴ አለው። የብሎኬቱን ሥር መሃል ላይ በቢላ ጎድጎድ አድርጉና በሁለቱ የታች ጥጎቹ ብቻ ይቀመጥ። ሦስተኛው የሚነካበት ቦታ ከጎረቤቱ ጋር የሚገጥምበት የላይኛው ጥግ ነው። ልክ እንደ ጉልቻ፣ ሦስት ከሆነ አይወዛወዝም። በቡጢ መታ መታ አድርጋችሁ ትንሽ ያዙት። ንክኪው ይጣበቃል።

አንዱ ውስጥ ሆኖ ይደረድራል፣ ሌላው ከውጭ ያቀብላል። የመጨረሻውን ክዳን ውስጥ ያለው ሰው በቀዳዳው አሾልኮ ያወጣውና ጎኑን እየላገ ቁልቁል ያስገጥመዋል። ከዚያ በር ቆርጦ ይወጣል። ስንጥቁን በልል በረዶ ድፈኑ። የጣራውን ውስጥ በእጅ አለስልሱት፤ አለበለዚያ ጠብታው ፊታችሁ ላይ ነው።

በሩ ከመኝታው ዝቅ ይበል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ የናንተ ሙቀት ላይ ይቀራል። የሚነድ ኩራዝ ሲጨመርበት፣ ውጭ ከዜሮ በታች 40 ቢሆን እንኳ ውስጡ ዜሮ አካባቢ ሊቆይ ይችላል።

ጣራው ላይ የቡጢ ያህል ቀዳዳ ሳትበሱ እንዳትተኙ። ከሰል አቀጣጥለው ቤት ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። እዚህም ምድጃ ካነደዳችሁ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

አካፋውን ውጭ አትተዉት። ሌሊት ነፋስ በሩን ከደፈነው የሚቆፈረው ከውስጥ ነው።