ከአዳማ ወደ ሐዋሳ፦ ነባር ድርጅት አዲስ ገበያ ሲገባ ምን ይዞ ይሂድ?

አንድ ድርጅት አዳማ ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሠርቶ ስሙ ከታወቀና ደንበኛው ከረጋ በኋላ፣ ባለቤቶቹ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ከአገር ውጭ ስለ መስፋፋት ማሰባቸው አይቀርም። በስብሰባው ላይ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ገበያው ምን ያህል ሰፊ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መከተል እንጂ መቅደም የለበትም። መቅደም ያለበት «እዚህ ያስከበረን ምንድን ነው? ከእርሱስ ውስጥ መኪና ላይ ተጭኖ አብሮን የሚሄደው የትኛው ነው፣ እዚሁ የሚቀረውስ?» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ፓስታና ዱቄት አምርቶ አዳማ ላይ የሚሸጥን፣ አሁን ደግሞ ሐዋሳ ገበያ ለመግባት የሚያስብን ድርጅት ምሳሌ አድርጎ፣ ለጥያቄው መልስ የሚገኝበትን መንገድ ያሳያል።

የሚሄደውንና የሚቀረውን መለየት

ሥራ አስኪያጁ፣ የሽያጭ ኃላፊውና የሒሳብ ሹሙ አንድ ላይ ተቀምጠው የድርጅቱን ጥንካሬዎች በሁለት ዐምድ ይጻፉ። በአንደኛው ዐምድ የሚሰፍረው የትም ቢኬድ የማይለወጠው ነው፤ የማሽኑ አቅም፣ የአመራረት ዕውቀቱ፣ የሒሳብ አያያዙ ሥርዓት። በሁለተኛው የሚሰፍረው ከቦታው ጋር የተሳሰረው ነው፤ ባለሱቁ ባለቤቱን በስም ማወቁ፣ ጠዋት የታዘዘ ዕቃ ከሰዓት በኋላ መድረሱ፣ ዱቤ የወሰደ ሰው ቢዘገይ በዘመድ አዝማድ በኩል ተገኝቶ መክፈሉ።

ይህን ወረቀት ሲሞሉ ያየኋቸው ድርጅቶች ሁሉ በአንደኛው ዐምድ ላይ መጀመሪያ የጻፉት «ጥራታችን» የሚለውን ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ሱቆቹ ሄዶ መጠየቅ ይበጃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሒሳቡን የምመረምርለት አንድ የከተማችን አምራች ይህን እንዲያደርግ መክሬው፣ ከጠየቃቸው ባለሱቆች የሚበዙት ዕቃውን የሚይዙት በስልክ ሲጠሩት ቶሎ ስለሚያመጣላቸውና የተሰበረውን ያለ ክርክር ስለሚቀይርላቸው እንደሆነ ነገሩት። ጥራቱን ያነሡት ጥቂቶች ነበሩ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲሸጥ ቶሎ ማድረሱም ሆነ መቀየሩ እንደ አዲስ መደራጀት የሚጠይቅ እንጂ አብሮ የሚሄድ አልነበረም።

በትልልቆቹ ዘንድም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ሳፋሪኮም ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በአገሩ ያስከበሩት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ የስልክ መረቡ ሲሆን ሌላው በየካቲት 1999 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ የጀመረው ኤምፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ አገልግሎት ነው። ከአጋሮቹ ጋር በግንቦት 2013 ዓ.ም. የቴሌኮም ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸንፎ፣ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በቅድሚያ ድሬዳዋ ላይ አስጀመረ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ዋና ከተማውን ትቶ በሌላ ከተማ መጀመሩ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ስሕተት ቢፈጠር ብዙ ዐይን ሳያየው ማረም የሚቻለው እንዲህ ባለ ቦታ ነውና። ኤምፔሳ ግን ወዲያው አብሮ መሄድ አልቻለም፤ ፈቃዱ የተሰጠው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ጊዜ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ሰዉ በእርሱ መገበያየትን ለምዶ ነበር። ጥንካሬው እውነተኛ ቢሆንም፣ ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ጥንካሬ የሚደርሰው ፈቃዱ በሚደርስበት ቀን ነው።

በሌላ ሰው እጅ ያለ ጥንካሬን ለብቻው ማስፈር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብንወስድ፣ ልብስ አምራቾቹን ከሳቡት ነገሮች አንዱ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ የንግድ ሕግ አማካይነት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ መቻሉ ነበር። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ከዕድሉ እንደምታግድ ስታሳውቅ፣ ፓርኩ ከገቡት ዋነኛ ድርጅቶች አንዱ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ድርጅት ፒቪኤች ወዲያው በኅዳር ወር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሕንፃው፣ ማሽኑና የሠለጠነው ሠራተኛ እንዳሉ ነበሩ፤ የተወሰደው ከሁለቱም ዐምድ ውጭ የነበረው ነገር ነው። የአዳማው ፓስታ አምራችም ሐዋሳ ላይ የሚያዋጣው በአንድ ሰው ቸርነት በርካሽ በሚያገኘው መጋዘን ምክንያት ከሆነ፣ ይህንኑ በሦስተኛ ዐምድ ይጻፈው።

በምን መንገድ መግባት?

አንድ ነባር ድርጅት አዲስ ገበያ የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም፤ በአከፋፋይ በኩል መሸጥ፣ የራስን ቅርንጫፍ መክፈት፣ ከአካባቢው ሰው ጋር በሽርክና መሥራት ወይም እዚያ ያለን ድርጅት መግዛት ነው። የሚመረጠው ሁለተኛው ዐምድ ታይቶ ነው። ቀሪው ነገር ስምና ትውውቅ ከሆነ፣ ስምና ትውውቅ ያለው አከፋፋይ ወይም ሸሪክ ያስፈልጋል፤ ቀሪው ነገር ፍጥነት ከሆነ ግን መጋዘን እንጂ ሸሪክ አይፈታውም።

ነባሩን መግዛት ፈጣን ይመስላል። የቢራ ገበያችን ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ዲያጂዮ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሄኒከን በገዛው ብቻ ሳይወሰን ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ገነባ፣ ዋልያ የሚል የአገሬው ጆሮ የሚያውቀው ስም የሰጠው አዲስ ቢራም አወጣ። ዲያጂዮ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሜታን ለቢጂአይ ባለቤት ሸጦ ወጣ። የዲያጂዮን መውጣት በአንድ ምክንያት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ነገር ግን ሁለቱም የገዙት የፋብሪካ በር ነበር፤ የጠጪው ልማድ ግን ከፋብሪካው ጋር አብሮ አይሸጥም።

ሽርክናን በሚመለከት የራሳችን አየር መንገድ የሄደበት መንገድ ይጠናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ብቻውን ከመቆም ይልቅ፣ መቀመጫውን ቶጎ፣ ሎሜ ላይ ያደረገውንና በጥር 2002 ዓ.ም. በረራ የጀመረውን አስካይ የተባለ አየር መንገድ ከአካባቢው ባለ አክሲዮኖች ጋር አቋቋመ። የአስተዳደርና የጥገና ዕውቀቱን ይዞ ሄደ፣ የበረራ መብቱንና የአካባቢውን ባለቤትነት ግን ከአካባቢው አገኘ። ይህ የሚሄደውንና የሚቀረውን በትክክል ለይቶ ማስላት ነው።

ለፓስታ አምራቹ የእኔ ምክር በአከፋፋይ ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር መሥራት፣ ቅርንጫፍ የሚለውን ጉዳይ ከዚያ በኋላ ማንሣት ነው። ቅርንጫፍ ከፍቶ መዝጋት ከገንዘቡ ይልቅ ስምን ይጎዳል።

በእግር የሚደረግ ጥናት

የገበያ ጥናት በሚል ርእስ የሚጻፉ ወፍራም ጥራዞችን ማስጠረዝ አያስፈልግም። የሽያጭ ኃላፊው ለሁለት ሳምንት ሐዋሳ ይቀመጥና በቀን አሥራ አምስት ሱቅ እየገባ ይጠይቅ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋነኛው «ዕቃችሁን ከየት ነው የምታመጡት?» የሚለው ነው። ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛና የጅምላ ንግድ ከተማ በመሆኗ፣ የሐዋሳ ባለሱቅ ከዚያ የሚያመጣ ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው ሐዋሳ ያለው አከፋፋይ ሳይሆን ሻሸመኔ ያለው ጅምላ ሻጭ ነው፤ መጀመሪያ መነጋገርም ከእርሱ ጋር ነው።

ከከተማው ወጣ ሲባል ማዕዱ ራሱ ይለወጣል። በሲዳማ ገጠር ዋናው ምግብ እንሰት ነው፤ ከስንዴ አምራቹ ከአርሲ አጠገብ ለምንኖር ለእኛ ዱቄት የዕለት ፍጆታ ቢሆንም፣ እዚያ ለብዙ ቤተሰብ በተጨማሪነት የሚገዛ ነው። ስለዚህ የነዋሪ ቁጥርን በአዳማ ፍጆታ አባዝቶ ትንበያ ማውጣት የመጀመሪያው ስሕተት ይሆናል። ገንዘብ ወደ ገጠሩ የሚገባበት ወቅትም የተለየ ነው፤ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት በመሆኑ ወደ ይርጋለምና ወደ አለታ ወንዶ የሚላከው ዕቃ ከዚያ ጋር መገጣጠም አለበት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ሲናገሩ ነውና፣ ለበዓሉ ጭነት የሚያዘጋጅ ድርጅት በየዓመቱ መጠየቅ እንጂ የአምናውን ቀን መገልበጥ አይችልም። ሲዳምኛ የሚናገር የሽያጭ ሠራተኛ መቅጠርም እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ስለማይበልጥ፣ የሠራተኛው ብቃት የሚመዘንበት መስፈርት ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይሰጠው።

ሒሳቡ

አሃዙ ለማሳያ ብቻ የተወሰደ ነው። አንድ ካርቶን ፓስታ አዳማ ላይ ሲሸጥ 60 ብር ትርፍ ያስገኛል እንበል። ሐዋሳ ሲሄድ 18 ብር ለማጓጓዣ፣ 16 ብር ለአከፋፋዩ ድርሻ፣ 4 ብር ለተሰበረና ለተመለሰ፣ 2 ብር ለማስተዋወቂያ ቢወጣ የሚቀረው 20 ብር ነው። የመጋዘን ኪራይ፣ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ፣ ስልክና አበል በወር 80,000 ብር ቢሆን፣ ድርጅቱ ምንም ሳያተርፍ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በወር 4,000 ካርቶን መሸጥ አለበት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያሰላል። የሚረሳው ዱቤው ነው። የካርቶኑ ዋጋ 900 ብር ሆኖ ለአከፋፋዩ የ45 ቀን ዱቤ ቢሰጥ፣ የ6,000 ካርቶን ዋጋ፣ ማለትም 5.4 ሚሊዮን ብር፣ ሁልጊዜ በሰው እጅ ነው። ይህ ገንዘብ ከባንክ የተበደሩት ከሆነ ወለዱ ከዚያችው 20 ብር ላይ ይቀነሳል።

ማጓጓዣውን ለማቃለል የመልስ ጭነት መፈለግ ግድ ነው። አይሱዙው ባዶውን ከተመለሰ የደርሶ መልሱን ነዳጅ የሚከፍለው ፓስታው ብቻ ነው። የመልስ ጭነት ያለው የትራንስፖርት ባለቤት ማግኘት የራስን መኪና ከመመደብ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ወረቀቱ

የንግድ ምልክቱ ካልተመዘገበ ከሁሉ በፊት ይመዝገብ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚደረገው ምዝገባ ለ7 ዓመት የሚያገለግልና የሚታደስ ሲሆን፣ ጥበቃውም በአገሪቱ ሁሉ ነው። አዳማ ላይ ሁሉም ሰው ስለሚያውቃችሁ የሚመስል ምልክት የሚያወጣ አይኖርም፤ ሐዋሳ ላይ ይኖራል። ቅርንጫፍ የሚከፈት ከሆነ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብ አለበት፤ መጋዘን ብቻ ነው ብሎ ዕቃ እየሸጡ መቆየት ግን ከግብር ሰብሳቢው ጋር ያጣላል።

ከአከፋፋዩ ጋር የሚደረገው ውል የአከፋፋዩን ክልል፣ የዱቤውን ጣሪያና ቀን፣ የተሰበረ ዕቃ በማን ሒሳብ እንደሚሆን፣ ውሉ ሲፈርስም በእጁ ያለው ዕቃ በምን ዋጋ እንደሚመለስ ይግለጽ። ለዱቤው የባንክ ዋስትና መጠየቅ አያሳፍርም። እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ ድርጅት «የታመነ ሰው ነው» ተብሎ የተነገረለትን አከፋፋይ ያለ ዋስትና ሁለት መኪና ሙሉ ዕቃ ሰጥቶ፣ ገንዘቡን ለማግኘት ከዓመት በላይ ተመላልሷል። ሰውየው በእርግጥም የታመነ ነበር፤ የታመነው ግን በሐዋሳዎቹ ዘንድ ነበር። ከአዳማ ለመጣ ሰው የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

የማቆሚያው ቁጥር

የመጀመሪያው ጭነት ከመነሣቱ በፊት ሥራው የሚቆምበት ሁኔታ በቁጥር ይጻፍ። ለምሳሌ በስድስተኛው ወር ሽያጩ ከ2,500 ካርቶን በታች ከሆነ ወይም ከዱቤው ሩብ ያህሉ ከ60 ቀን በላይ ካለፈው አዲስ ጭነት አይላክም የሚል ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈርሙት ሐዋሳ ይኬድ ያሉትም ይቅር ያሉትም ናቸው፤ ወረቀቱም የሚቀመጠው በሽያጭ ክፍሉ ሳይሆን በሒሳብ ክፍሉ ነው። በየወሩ መጨረሻ የሒሳብ ሹሙ ሁለቱን ቁጥሮች ከወረቀቱ ጋር አመሳክሮ፣ ለሥራ አስኪያጁ ከቀጣዩ የጭነት ትእዛዝ ጋር አያይዞ ያቅርብ።