ጅቡቲ ጠልቆ አዲስ አበባ ለሚያድር ሰው፦ ዳይቭ ኮምፒውተርን ማወቅና ማስተካከል

ጅቡቲ ውስጥ ጠላቂዎችን እየመራሁ ነው የምተዳደረው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች የሚበዙት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በሚታይበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ማስካሊ ደሴት አጠገብ ሁለተኛውን ዳይቭ ጨርሰን ጀልባ ላይ ስንወጣ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ፦ «የኔ 14 ደቂቃ ቀርቶሃል ሲለኝ ያንተ ለምን 6 አለ?» ደቂቃው እጅ ላይ የሚታሰረው ዳይቭ ኮምፒውተር የሚያሳየው ነው፤ ወደ ላይ ስትወጡ በመንገድ ላይ የግድ ሳትቆሙ እዚያ ጥልቀት ላይ መቆየት የምትችሉት ጊዜ ማለት ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ደህና ናቸው።

ኮምፒውተሩ ደማችሁን አይለካም። የሚያውቀው የነበራችሁበትን ጥልቀትና የቆያችሁበትን ጊዜ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሰውነታችሁ ውስጥ ምን ያህል ናይትሮጅን እንደገባና እንደወጣ በቀመር ይገምታል፤ የበዛ ናይትሮጅን ግፊት ቶሎ ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ይጎዳልና። የአንዱ አምራች ቀመር ጥብቅ ነው፣ የሌላው ለቀቅ ያለ ነው። እንቅልፍ እንዳጣችሁ፣ ውሃ እንዳልጠጣችሁ ወይም ዕድሜያችሁ እንደገፋ አንዱም አያውቅም።

የብዙዎቹ መሠረት የስዊዘርላንዱ ሐኪም የአልበርት ቡልማን ሥራ ነው። ቀመሩ ሰውነትን በ16 ክፍሎች ከፍሎ ያስባል፤ አንዳንዱ በጥቂት ደቂቃ ናይትሮጅን የሚሞላ፣ አንዳንዱ ሰዓታት የሚፈጅበት ነው። እያንዳንዱ ክፍል መታለፍ የሌለበት የግፊት ጣሪያ አለው። ሺርዎተርና ጋርሚን በሚባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ግሬዲየንት ፋክተር የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ከዚያ ጣሪያ ስንት በመቶው ላይ መቆም እንደምትፈልጉ የምትነግሩበት ናቸው። ተዘጋጅተው ከሚመጡት የጥንቃቄ ደረጃዎች ሎው 45/95፣ ሚዲየም 40/85፣ ሃይ 35/75 ነው። ሎው የተባለው የጥንቃቄው መጠን ስለሆነ 45/95 ከሦስቱ በጣም ለቀቅ ያለው ነው። ዲኮ (ሲወጡ በመንገድ ላይ የግድ መቆም) ውስጥ ለማይገባ ተራ ዳይቭ ወሳኙ ሁለተኛው ቁጥር ነው። 95ን ወደ 85 ስታወርዱ 30 ሜትር ላይ ደቂቃው በግልጽ ይቀንሳል፤ 12 ሜትር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው አየራችሁ ነው።

ሱንቶ የሚባለው አምራች ለረጅም ዘመን የሠራበት አርጂቢኤም የሚባለው ቀመር ጠባዩ ሌላ ነው። በመካከል የነበረው ዕረፍት ካጠረ፣ ቶሎ ከወጣችሁ ወይም ቀናትን አከታትላችሁ ከጠለቃችሁ በሚቀጥለው ዳይቭ ላይ ደቂቃ ይቆርጣል። ጠዋት ከጓደኛው ጋር እኩል የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ወደ ኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው። ኦሽኒክ የሚባለው አምራች ደግሞ አንዳንድ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሁለት ቀመር አስቀምጧል፤ ዲሳት የሚባለው ለቀቅ ያለው፣ ፔላጂክ ዚ ፕላስ የሚባለው ጠበቅ ያለው ነው።

እንግዲህ ቤት ሳላችሁ ይህን አድርጉ። ፕላን የሚለውን ክፍል ክፈቱና 18 ሜትር ላይ እና 30 ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጣችሁ ጻፉ። የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት የሆነው የፓዲ ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ዳይቭ 56 እና 20 ደቂቃ ይሰጣል፤ የእናንተ ከዚያ በላይ ይሁን በታች አወዳድሩ። ከዚያ የጥንቃቄውን ደረጃ ቀይሩና ልዩነቱን እዩ። እኔ ለአብዛኛው እንግዳ የምመክረው ሚዲየምን ነው። ለደከመው፣ ዕድሜው ለገፋው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለሚጠልቀውና ከዳይቭ በኋላ ወደ ደጋ ለሚወጣው ደግሞ 35/75። ሱንቶ ያላችሁ የጥንቃቄውን ደረጃ ከፒ0 ወደ ፒ1 ከፍ አድርጉት። ቁጥሩን ጀልባ ላይ ከጓደኛ ጋር እኩል ለመሆን ብሎ ማላላት ግን በፍጹም የማልስማማበት ነገር ነው።

ውሃ ውስጥ አብረው የሚጠልቁ ጥንዶች የሚመሩት በጥብቁ ኮምፒውተር ነው። ለሁለት ሰው አንድ ኮምፒውተር አይበቃም፤ ለሁለተኛው ዳይቭ የሌላ ሰው መዋስም አይሆንም፣ የጠዋቱን ናይትሮጅናችሁን አያውቅምና። ዜሮ እስኪል አትጠብቁ። 5 ደቂቃ ሲቀር ሪፉን (የኮራሉን ዐለት) ተከትላችሁ ጥቂት ሜትር ከፍ በሉ፤ ደቂቃው ተመልሶ ሲጨምር ታያላችሁ። አወጣጥ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይብለጥ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ። ናይትሮክስ 32 (32 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር) እየተነፈሳችሁ ኮምፒውተሩን «አየር» በሚለው ቅንብር ላይ መተው ጥሩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን በዚያ አሠራር ስለ ኦክስጅን አያስጠነቅቃችሁም፣ ከ33 ሜትር በታች እንዳትወርዱ ራሳችሁ መጠንቀቅ አለባችሁ።

አሁን ለእኛ አገር ሰው ዋናው ጉዳይ። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ድርጅት ከአንድ ዲኮ የሌለው ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሩ ቆዩ ይላል። ዲኮ ከነበረ ከዚያም በጣም ይረዝማል። በባሕር ጠረፍ ላይ ወዳለ ከተማ የሚበር ሰው ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ቢያርፍም እናንተ እዚያው ከፍታ ላይ ትበላላችሁ፣ ትተኛላችሁ። ስለዚህ የአዲስ አበባ እንግዶቼን ሙሉ 24 ሰዓት አስቆያለሁ፤ የመጨረሻውን ቀን ለከተማው ወይም ለአሳል ሐይቅ ተዉት። አሳል ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ መድረሻው አያሰጋም፤ በየት በኩል፣ ምን ያህል ከፍታ አልፎ እንደሚሄድ ግን ሾፌሩን ጠይቁ።

መኪናና ባቡርም ያው ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው «አትብረሩ» የሚለው የአውሮፕላን ምልክት ለመንገድም ይሠራል። ድሬዳዋ እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ ናት። ከባሕር ወጥቶ በዚያው ከሰዓት በኋላ ለነፋሻ አየር ወደ አርታ ከተማ የሚወጣ ሰው አያለሁ፤ እሷም 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ወደ ታች መምጣት ግን ችግር የለውም፤ ከአዲስ አበባ መጥታችሁ በማግስቱ መጥለቅ ትችላላችሁ።

ቢሾፍቱ ሐይቆች ውስጥ ለመጥለቅ የምታስቡ የከፍታ ቅንብሩን አረጋግጡ። አንዳንድ ኮምፒውተር የአየሩን ግፊት ራሱ ያነባል፣ አንዳንዱ በእጅ ይቀየራል። የቆዩት ሱንቶዎች ላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ያለው ቅንብር ኤ2 ነው፤ ቢሾፍቱ እዚያ ውስጥ ትገባለች። ኤ0 (የባሕር ጠለል ቅንብር) ላይ ትታችሁ ከገባችሁ የሚሰጣችሁ ደቂቃ ከሚገባው በላይ ነው።

አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ ትከሻ ወይም ጉልበት ላይ ሕመም፣ እጅ እግር መደንዘዝ፣ ቆዳ ላይ ዝንጉርጉር ምልክት፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ከፍታው ወይም መንገዱ ነው ብላችሁ አትተኙ፤ የናይትሮጅን አረፋው ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ሂዱ፣ «ትናንት ስኩባ ጠልቄ ነበር» ብላችሁ ጀምሩ፣ ንጹሕ ኦክስጅን ጠይቁ፣ የዳንን የአስቸኳይ ስልክ ደውሉ። ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የዳይቮቹን ጥልቀትና ጊዜ ከመዝገቡ ላይ ማየት ይችላል።