ከመንጠቆ የማይወልቅ የኩሽና ትርፍራፊ

ጎርጎራ ወርጄ ከጣና ዳር አሳ ሳጠምድ ያስቸግረኝ የነበረው፣ ከጎንደር ቋጥሬ የምወስደው የእንጀራ ፍርፋሪ ውሃ እንደነካ ከመንጠቆው ላይ እየሟሟ መጥፋቱ ነበር። ጤፍ፣ የስንዴን ሊጥ አያይዞ የሚለጥጠው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የለውም። ስለዚህ ፍርፋሪውን በጥቂት ውሃ አርሼ፣ የስንዴ ዱቄት ጨምሬ፣ ከጣት እስኪላቀቅና ሲስቡት ሳይበጠስ እስኪለጠጥ ድረስ አሸሁት፤ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳረፍሁት። ወጥ ወይም ዘይት የነካው ፍርፋሪ ሊጡን ስለሚያላላው ባይገባ ይሻላል። ቀረሶ የተባለው አሳ አፉ ትንሽ በመሆኑ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ድብልብል የመንጠቆውን ጫፍ ከሸፈነች ትበቃለች።

ለአምባዛ ግን ሊጥ ማባከን ነው ባይ ነኝ፤ ይህ አሳ በአብዛኛው በሌሊት የሚመገብና ምግቡን እያሸተተ፣ እንዲሁም በአፉ ዙሪያ ባሉት ሪዞች እየዳሰሰ የሚፈልግ በመሆኑ፣ ዶሮ ሲበለት የሚጣለው አንጀት ይበልጥ ይስበዋል። አንጀቱን ጨው ነስንሼ ጥላ ሥር ሳጠፍፈው ጠንከር ስለሚል፣ በመንጠቆው ላይ ደጋግሞ ሲወጋ አይቀደድም (ሽታውን የቤት ሰው ከታገሠ ማለት ነው)። ዶሮ በማይታረድበት የጾም ወቅት፣ ቀድሞ የተያዘው አሳ ሆድቃ ያንኑ ሥራ ይሠራል።