በናይትሮጅን የተቀመጠ የላም ፅንስ፦ ከታንክ እስከ ማህፀን

መጀመሪያ ተቀባይዋን ላም መርምሩ። ድራት ካሳየች በ7ኛው ቀን ኮርፐስ ሉቲየሙ (እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው የሚፈጠረው እብጠት) በየትኛው ኦቫሪ (የእንቁላል ማፍሪያ) ላይ እንዳለ በእጅ ዳስሳችሁ ለዩ፤ ከሌለ ፅንሱን ከታንኩ አታውጡ።

ፈሳሽ ናይትሮጅኑ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ነው። መጠኑን በእንጨት ማስመሪያ ለኩ፤ ሲወጣ በረዶ የያዘው ክፍል የናይትሮጅኑን ከፍታ ያሳያል። ካኒስተሩን (ፅንሶቹ የሚቀመጡበትን በታንኩ ውስጥ ያለ መያዣ) ከታንኩ አንገት በላይ ፈጽሞ አታንሱ፤ ሌሎቹ ፅንሶች ሳይታወቃችሁ ይጎዳሉ፣ ጉዳቱም በዓይን አይታይም።

በኤቲሊን ግላይኮል (ፅንሱን ከቅዝቃዜ ጉዳት የሚከላከል ፈሳሽ) የቀዘቀዘውን ስትሮው (ፅንሱን የያዘውን ቀጭን ቱቦ) በመቆንጠጫ አውጥታችሁ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ አየር ላይ ያዙት፣ ከዚያ 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ15 ሰከንድ ያህል ንከሩት። የአየሩን ቆይታ መዝለል የፅንሱን ሽፋን ይሰነጥቃል፤ ብዙ ፅንስ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ውሃውን በቴርሞሜትር እንጂ በእጅ አትገምቱ።

ስትሮውን በንጹሕ ሶፍት አድርቁ፣ ጥጥ የሌለበትን የታሸገ ጫፍ ቁረጡ፣ በማስተላለፊያው (ፅንሱን ወደ ማህፀን በሚያስገባው መሣሪያ) ላይ ጫኑት። ከቀለጠ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኮርፐስ ሉቲየሙ ባለበት ጎን ባለው የማህፀን ቀንድ ዘልቃችሁ አስቀምጡት። ቀስ በሉ፤ የማህፀን ግድግዳ ከደማ እርግዝናው የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል።