ሠንጠረዡ አለ፣ ዳታው የለም
ደመና ላይ ባለ ዳታ ሌክ (የዳታ ፋይሎች ማከማቻ) ውስጥ በክሪኤት ኤክስተርናል ቴብል፣ ማለትም ፋይሎቹን ባሉበት የሚያነብ ሠንጠረዥ በሚፈጥር ትእዛዝ፣ በዓመትና በወር ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ፈጠርኩ። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ሴሌክት ሳደርግ (ዳታውን ስጠይቅ) ግን ዜሮ ረድፍ።

ፈቃዱን አየሁ፤ ደህና ነው። የዓምዶቹን ዓይነት ቀያየርኩ፣ ሠንጠረዡን አጥፍቼ ደግሜ ሠራሁት። ወይ ፍንክች! (ኤክስተርናል ስለሆነ ድሮፕ ማድረግ (ሠንጠረዡን ማጥፋት) ፋይሎቹን አይነካም፤ አትፍሩ።) ፎልደሮቹን አይቶ ፓርቲሽኖችን ሠንጠረዡ ላይ የሚያስመዘግበው ኤምኤስሲኬ ሪፔር ቴብልም ምንም ሳይጨምር ጨረሰ።

ፍንጩን ያገኘሁት ሾው ፓርቲሽንስ (የተመዘገቡ ፓርቲሽኖችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ባዶ ሲመልስ ነው። ፎልደሮቹ የተሰየሙት «2024/05/» ተብሎ ነው። ሪፔር የሚያውቀው ደግሞ «ዓመት=2024/ወር=05/» ዓይነቱን ብቻ ነው።

እያንዳንዱን ወር በኦልተር ቴብል አድ ፓርቲሽን፣ ሎኬሽኑን (የፎልደሩን አድራሻ) ጠቅሼ አስመዘገብኩ። ረድፎቹ ወዲያው መጡ። አዲስ ወር ሲገባም ያው ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ እኔ ፋይል የሚጭነው ስክሪፕት መጨረሻ ላይ ጨምሬዋለሁ።