የጃክ ኮርንዌልን ታሪክ ባሕር ላላዩ ልጆች እንዴት እንንገር?

የጃክ ኮርንዌልን ታሪክ ለልጆች የሚነግር ሰው አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባ ነገር አለ፤ ጀግናው በእጁ አንድም ጥይት አልተኮሰም። ይህ የ16 ዓመት እንግሊዛዊ መርከበኛ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞተ በኋላ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ የተሸለመው ጓዶቹ በዙሪያው ወድቀው፣ እርሱም በጽኑ ቆስሎ ሳለ፣ ምናልባት ትእዛዝ ይመጣ ይሆናል ብሎ ከመድፉ አጠገብ ባለመነቃነቁ ነው። በለገዳዲ አቅራቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ በማስተባብረው የልጆች ንባብ ክበብ ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ስተርክ ልጆቹ «ታዲያ ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የልጁን ሥራ ሳላስረዳ በቀጥታ ወደ ውጊያው ገብቼ ነበርና።

ስለዚህ ከመርከቧ ይጀምሩ። በአካባቢያችን ያሉ ልጆች የሚያውቁት ትልቅ ውኃ የለገዳዲ ግድብ ብቻ ስለሆነ በቃል መግለጽ ብዙ አያራምድም። ጃክ ያገለገለባት ቼስተር የተባለችው ቀላል ክሩዘር (ፈጣን የጦር መርከብ) 139 ሜትር ያህል ርዝመት ስለነበራት፣ ሜትር ይዘው ልኩን ሜዳ ላይ በድንጋይ ምልክት ያድርጉ። እኛ ስንለካ ሜዳው አልበቃንም፤ የመርከቧ ኋላ አጥሩን አልፎ የሰው ጤፍ ማሳ ውስጥ ቀረ፣ ልጆቹም ያን ቀን የሳቁትን ያህል ስቀው አያውቁም። ከፊት በኩል የጃክን መድፍ ቦታ በኖራ ያክብቡ፤ የአንዱ ጥይት ክብደት 37 ኪሎ ያህል እንደነበርም ሲነግሯቸው፣ ግማሽ ኩንታል እህል ወደ ወፍጮ ቤት ሲወሰድ ያየ ልጅ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራው ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባውም ይኸው ነው። ጃክ በጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ አድርጎ፣ ከተኩስ ተቆጣጣሪው መኮንን የሚነገረውን ቁጥር እየሰማ የመድፉን ማነጣጠሪያ በዚያው ልክ ያስተካክል ነበር። እርሱ ቢሳሳት ወይም ቦታውን ቢለቅ የሌሎቹ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን ለማሳየት ከካርቶን ክብ ይቁረጡ፣ በዙሪያው ቁጥሮች ይጻፉ፣ መሐሉንም በሚስማር እንጨት ላይ ያያይዙት። አንድ ልጅ ከኋላ ቆሞ ቁጥር ይጥራ፤ ሌላው ሳይዞር ካርቶኑን ወደተጠራው ቁጥር ያዙር፤ የቀሩት ጀሪካን ይደብድቡ። ጨዋታው ሲደምቅ ጠሪው ለሁለት ደቂቃ ዝም እንዲል በምስጢር ይንገሩት። እኛ ጋ ካርቶኑን የያዘችው የ11 ዓመት ልጅ እጇን ከክቡ ሳታነሳ «አሁንም ልጠብቅ?» አለችኝ። የጃክን ታሪክ መተረክ የጀመርሁት ከዚያ ጥያቄ በኋላ ነው።

ውጊያውን በአጭሩ ይለፉት። ግንቦት 23 ቀን 1908 ዓ.ም. በሰሜን ባሕር ከዴንማርክ ወዲያ፣ የእንግሊዝና የጀርመን ባሕር ኃይሎች 250 በሚያህሉ መርከቦች ጁትላንድ ላይ ተጋጠሙ፤ እኛ ሰገሌ ላይ እርስ በርሳችን ከመዋጋታችን አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ቼስተር ከጭጋጉ ውስጥ ከወጡ አራት የጀርመን ክሩዘሮች ጋር ተፋጥጣ 17 ጊዜ ያህል ተመታች። የመድፎቿ የብረት መከለያ እስከ ወለሉ ስለማይደርስ ፍንጣሪው ከሥር እየገባ የምድብተኞቹን እግር ቆራረጠ። እዚህ ላይ ጃክ ብቻውን መድፉን ሲተኩስ የሚያሳይ ትርኢት ለመጨመር ይፈተኑ ይሆናል፤ አይጨምሩ።

ከውጊያው በኋላ ያለውንም አይደብቁ። ጃክ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 25፣ እናቱ ከመድረሷ በፊት ግሪምስቢ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። መጀመሪያ የተቀበረው በድሆች የጋራ መቃብር ነበር፤ ዝናው ሲወጣ ግን አስከሬኑ ወጥቶ በታላቅ ክብር እንደገና ተቀበረ። እናቱ በኅዳር 1909 ሜዳዩን ከንጉሥ ጆርጅ 5ኛ እጅ ስትቀበል ባሏን ከቀበረች ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ፤ እርሷም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በችግር እንደኖረች አረፈች። ከፍ ያሉት ልጆች «በ16 ዓመቱ እዚያ ማን ላከው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በሰንዳፋ ሚኒባሶች ላይ የሚጮኹት ረዳቶች ብዙዎቹ በዚያው ዕድሜ ያሉ ስለሆኑ ጥያቄው ለእነርሱ ሩቅ አይደለም፤ እኔ መልሱን ለእነርሱው መተው እመርጣለሁ።

የመድፉን ፎቶግራፍ ለመጨረሻ ያቆዩት። መድፉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ይገኛል። ልጆቹ ፎቶውን ሲቀበሉ ከአፈሙዙ ይልቅ ከመከለያው ሥር ያለውን ክፍተት በጣታቸው መፈለግ ይጀምራሉ።